«ተከሰከሰች» አትበሏት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ባወጣችሁት ዜና አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሞተሯ ጠፍቶ ማሳ ላይ «ተከሰከሰች» ብላችኋል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሁለቱም ሰዎች በሩን ከፍተው በእግራቸው ወጡ ይላል። ታዲያ ምኗ ነው የተከሰከሰው? በትንንሽ አውሮፕላኖች በረራ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ቃሉ ከነከነኝ። ተገዳ አረፈች ነው የሚባለው።

ሞተር ስለጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ ዱብ አይልም። ክንፉ አለ። ሴስና 172ን ብንወስድ፣ ፍጥነቷን 65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር) አካባቢ ከያዝክላት፣ ነፋስ በሌለበት ከ1,000 ሜትር ከፍታ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ትንሳፈፋለች። ከአራት ደቂቃ በላይ ማለት ነው። በአራት ደቂቃ ብዙ ሥራ ይሠራል።

እኔም ደርሶብኛል። ተማሪዬን ቁልቁል መውረድ እያለማመድኩ የሞተሩን ጉልበት ቀንሰን ቆየን። ልጁ መልሶ ሲጨምር ሞተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አለውና ጸጥ አለ። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ነፋሱ ብቻ ሆነ። ከመሬት 600 ሜትር ብንርቅ ነው። ልጁ መሪውን ወደ ደረቱ ሳበው። ሲደነግጡ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሚገድለውም ይኸው ነው። ፍጥነቱ ያልቅና ክንፉ መሸከም ይተዋል። «ልቀቀው!» አልኩና አፍንጫዋን ዝቅ አደረግኩ።

ቅርብ ያለው ማሳ አረንጓዴና ለጥ ያለ ነበር፤ ግን ዳር ዳሩን ምሰሶ ተተክሎበታል። ሽቦ ከላይ አይታይም። ምሰሶ ካየህ ሽቦ አለ በል። ራቅ ያለውን የታረሰ መሬት መረጥኩ፣ በትልሙ አቅጣጫ። በሬዲዮ የአደጋ ጥሪውን፣ ሜይዴይ፣ አልኩ፤ ነዳጁንና ኤሌክትሪኩን ዘጋሁ። በሮቹን ገና አየር ላይ ሳለን ገርበብ አደረግናቸው፤ አካሏ ከተጣመመ በር አይከፈትም። የፊት ጎማዋ ተሰበረ። እኛ ወጣን። የልጁ አንድ እግር ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

መካኒኮቹ ሞተሩን ፈታትተው ምንም አጡበት። የካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቀሉበት ክፍል) ማሞቂያው እጀታ ግን እንደተዘጋ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ነዳጅ ካርቡሬተር ውስጥ ሲተን አየሩን ክፉኛ ያቀዘቅዘዋል። እርጥበት ካለ ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖ እንኳ በረዶ ይሠራል፤ የሞተሩንም ትንፋሽ ይዘጋል። ጉልበት ከመቀነሴ በፊት ማሞቂያውን መክፈት ነበረብኝ፤ ዘነጋሁት። በረዶው ደግሞ መካኒክ አይጠብቅም፣ ይቀልጣል።

በዜናችሁ አንድ የዓይን እማኝ «ለምን ወደ ተነሳበት አልተመለሰም?» ብሏል። ገና እንደተነሳ፣ ዝቅ ብሎ ሳለ ሞተር የጠፋበት ሰው ዞሮ ልመለስ ሲል ነው ብዙ ጊዜ የሚሞተው። መዞር ከፍታ ይበላል። አብራሪው ፊት ለፊቱ ያገኘው ማሳ ላይ በማረፉ ደግ አደረገ። «ተከሰከሰች»ን አርሙለት። አንድ መስመር ይበቃዋል።

ጡረታ የወጣ የበረራ አስተማሪ