ግልጽ ደብዳቤ፦ የጫካውን መንገድ ጠግኑልን እንጂ አታስፉብን

ለፓርኩ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በፓርኩ ደን ውስጥ የሚገኙትን የእግር መንገዶች አጠጋገን ይመለከታል

ጽሕፈት ቤቱ በፓርኩ ደን ውስጥ የሚያልፉትን የእግር መንገዶች ለማደስ ማቀዱን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። መንገዶቹ ጥገና ይፈልጋሉ፤ ይህን የሚክድ ሰው ቢኖር ከዝናብ በኋላ አልሄደባቸውም ማለት ነው። የዕቅዱ ዝርዝር ሲታይ ግን ጥገና የተባለው ሥራ ሰዎች ፊትና ኋላ ሆነው የሚሄዱባቸውን ቀጫጭን መንገዶች አራት ሜትር ስፋት ወዳለው የኮንክሪት ጎዳና መለወጥ፣ በየመታጠፊያው መብራት ማቆምና በማረፊያ ቦታዎች ሙዚቃና ማስታወቂያ የሚያሰሙ ድምፅ ማጉያዎችን መትከል ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ መንገዶቹ በነበሩበት ስፋትና በነበራቸው ጸጥታ እንዲጠገኑ፣ ምክንያቴንም ጽሕፈት ቤቱ እንዲመረምርልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በቅድሚያ መንገዶቹ በምን እንደተበላሹ ልንስማማ ይገባል። ያበላሻቸው ጥበታቸው አይደለም፤ ውኃ ነው። ክፉኛ የተጎዱት ክፍሎች በሙሉ ተዳፋቱን በቀጥታ ወደ ታች የሚከተሉት ናቸው። ዝናብ ሲጥል ውኃው ወደ ጎን የሚወጣበት ስለሌለው መንገዱን ራሱን ቦይ አድርጎ ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥር ደቃቁን አፈር ጠርጎ ድንጋይና ሥር ብቻ ይተዋል፤ መንገዱም ከግራ ቀኙ መሬት ዝቅ ባለ መጠን የሚሰበስበው ጎርፍ ይበዛል። የጫካ መንገድ የሚቀይሱ ባለሙያዎች ለዚህ የቆየ መመሪያ አላቸው። የመንገዱ ቁልቁለት መንገዱ ከሚያቋርጠው ተዳፋት ቁልቁለት ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ተዳፋቱ 16 በመቶ ከሆነ፣ ማለትም በየመቶ ሜትሩ 16 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ መንገዱ ከ8 በመቶ በታች መሆን አለበት ማለት ነው። ተዳፋቱ የቱንም ያህል ቢቆም ደግሞ የመንገዱ አማካይ ቁልቁለት ከ10 በመቶ ገደማ እንዳያልፍ ይመክራሉ። ወለሉ ወደ ገደሉ ጎን 5 በመቶ ያህል ቢያዘነብል ውኃው መንገዱን ተከትሎ መውረዱን ትቶ አቋርጦት ያልፋል፤ በየተወሰነ ርቀት መንገዱ ለጥቂት እርምጃ ቀና እንዲል ቢደረግም ከዚያ ያመለጠው ውኃ እዚያው ተገቶ ወደ ጎን ይወጣል። ይህ ሁሉ በዶማ፣ በአካፋና በቀላል የቁልቁለት መለኪያ የሚሠራ፣ ሥራውን በሚያውቁ ጥቂት ሰዎች እጅ የሚያልቅ ነገር ነው።

ይህ ሳይስተካከል ኮንክሪት ማፍሰስ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ወለሉን እብነ በረድ እንደ ማንጠፍ ይቆጠራል። ኮንክሪት ውኃ አያሰርግም፤ በስፋቱ ልክ የሰበሰበውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጠርዙ ይለቀዋል፤ የተለቀቀውም ውኃ ከጠርዙ በታች ያለውን አፈር እየቦረቦረ ንጣፉን አንጠልጥሎ ይተወዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ስንጥቅ፣ ከዚያም ሁለተኛ የጥገና በጀት ነው።

በዛፎቹ ላይ የሚደርሰውም ከዚህ አይተናነስም። ብዙ ሰው የዛፍ ሥር ቁመቱን ያህል ወደ ታች የሚወርድ ይመስለዋል። ነገር ግን ውኃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው የሚገኙት በላይኛው የአፈር ንብርብር ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ጎን የሚዘረጉትም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፈው ነው። አራት ሜትር ለማስፋት የሚገባው የቁፋሮ ማሽን የሚቆርጠው እነዚህን ነው፤ ያልቆረጠውን በክብደቱ ይጠቀጥቀዋል። አፈር ሲጠቀጠቅ አየርና ውኃ የሚያልፉባቸው ጥቃቅን ክፍተቶች ይደፈናሉ፤ ሥርም ይታፈናል። ዛፉ ግን ወዲያው ስለማይደርቅ ሥራው ተመርቆ፣ ሪፖርቱ ተዘግቶ፣ ከዓመታት በኋላ ጫፉ መድረቅ ሲጀምር ምክንያቱን ከመንገዱ ጋር የሚያያይዝ ሰው አይገኝም።

መንገዱ ጠባብ በመሆኑ እግረኛው ወደ ጎን እየወጣ ሣሩን ይረግጣል የሚል መከራከሪያም ቀርቧል። እውነት ነው፣ ይረግጣል፤ የሚረግጠው ግን ጭቃና ኩሬ ለመሸሽ ነው። አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ሲዞር መንገዱ ሦስትና አራት ይሆናል። ውኃው ከተገራና ረግረጉ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት መተላለፊያ ከተሠራ ሰው በመሐል መሄድን ይመርጣል። እግረኞች በዕፅዋትና በአፈር ላይ የሚያደርሱትን ተጽዕኖ ለአሥርት ዓመታት ያጠኑ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያረጋገጡት አንድ ነገር አለ፤ ቀድሞ ባልተረገጠ መሬት ላይ አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሱት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እግሮች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እግረኛ የሚያስከትለው ተጨማሪ ጉዳት እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የተረገጠውን መንገድ አጽንቶ መያዝና አቋራጮችን በወደቁ ግንዶችና ቅርንጫፎች መዝጋት፣ ያልተረገጠውን በአዲስ ስፋት ከመክፈት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ላስረዳ የምፈልገው ግን የጸጥታውን ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም በዕቅዱ ውስጥ ከቶ ያልታየው እርሱ ነው። የወንበሮች፣ የመብራት ምሰሶዎችና የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ቁጥር በሠንጠረዥ ሲቀመጥ ሰዎች ወደዚያ ጫካ የሚሄዱበት ዋናው ምክንያት በየትኛውም ረድፍ ላይ የለም። ጸጥታ ማለት ደግሞ የድምፅ አለመኖር አይደለም። ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ወፍ ይጮኻል፣ ጅረት ይወርዳል፣ የራስ እርምጃም ይሰማል። የምንለምነው እነዚህ ድምፆች እንዲሰሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በአሜሪካ ከሚገኙት ጥብቅ ቦታዎች በ63 በመቶው ውስጥ ሰው ሠራሽ ጫጫታ የአካባቢውን የድምፅ መጠን እጥፍ እንዳደረገው አሳይቷል። እንግዲህ በሕግ የተከለሉት ቦታዎች እንደዚህ ከሆኑ፣ በከተማ ሰዎች እግር ሥር ያለች አንዲት የጫካ ቁራጭ ያለ ጥበቃ ጸጥታዋ ይቆይላታል ብሎ መተው የዋህነት ነው።

ጫጫታው የሚረብሸውም ሰውን ብቻ አይደለም። በሆላንድ ላይደን ከተማ በትናንሽ ወፎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ ጫጫታ በበዛበት ሠፈር የሚኖሩት ወፎች በመኪና ጩኸት እንዳይዋጡ ዝማሬያቸውን ወደ ቀጭን ድምፅ እንደሚያወጡት አመልክቷል። ተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2020 በሳን ፍራንሲስኮ ታየ፤ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የመኪና እንቅስቃሴ ሲቀንስ በዚያ ያሉ የድንቢጥ ዓይነት ወፎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነገር ግን የበለጠ ርቀት በሚሰማ ሁኔታ መዘመር ጀመሩ። ከዚህ የምረዳው ነገር አለ። ጫጫታው ሲነሣ ጥቅሙ ወዲያውኑ ይገኛል፤ እንደ ዛፍ ሠላሳ ዓመት አያስጠብቅም።

ጸጥታን ማስተዳደር ውድም አይደለም። በካሊፎርኒያ ሙየር ዉድስ በተባለው የጥንታዊ ዛፎች ደን፣ ጎብኚዎች ድምፃቸውን እንዲቀንሱና ስልካቸውን ጸጥ እንዲያደርጉ የሚጠይቅ ምልክት ብቻ ተተክሎ የድምፁ መጠን በ3 ዲሲቤል ገደማ ቀንሷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዲሲቤል ግን እንደ ሜትር አይቆጠርም፤ የ3 ዲሲቤል ቅነሳ የድምፁ ጉልበት በግማሽ ወረደ ማለት ነው። አንድ ሰሌዳ ይህን ካደረገ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ የሚያፈርሰውን መገመት አያዳግትም። በታይፔ ከተማ ጠርዝ ያለው ያንግሚንግሻን ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም የመጀመሪያው የከተማ ጸጥታ ፓርክ ተብሎ ዕውቅና አግኝቷል፤ ታይፔ ደግሞ የሚሊዮኖች ከተማ ናት። ሕዝብ ይበዛል የሚለው ምክንያት እንግዲህ ብቻውን አይበቃም።

ጫካ ውስጥ መሄድ ለጤና ያለውን ጥቅም ሌሎች ከእኔ በተሻለ ስለሚጽፉት አልገባበትም። ይህን ያህል ብቻ ልበል፦ የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት ዜጎች ወደ ጫካ ገብተው በዝግታ እንዲመላለሱ መቀስቀስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር፤ የጋበዛቸውም ወደ ኮንክሪት ጎዳና አልነበረም።

ለሰፊው መንገድ የሚቀርበው ጠንካራ ምክንያት የአካል ጉዳተኞችና የአረጋውያን ጉዳይ ነው፤ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ለዚያ ጸጥታ ያለው መብት ከእኔ አያንስም። ይሁን እንጂ የሚያስፈልገውን ነገር በትክክል እንይ። የአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤት ለተደራሽ የእግር መንገዶች ያወጣው መመዘኛ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ስፋት 36 ኢንች፣ ማለትም 90 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ በየተወሰነው ርቀት ሁለት ወንበሮች የሚተላለፉበት ሰፋ ያለ ቦታ ይጨመርበታል። ወለሉ ጽኑና የማይነቃነቅ መሆን አለበት ይላል እንጂ ኮንክሪት ይሁን አይልም፤ በደንብ የተጠቀጠቀ ደቃቅ የድንጋይ ፍጭ ይበቃዋል። ዋናው ጥያቄ ቁልቁለት ነው፤ 5 በመቶ የሆነ መንገድ ለረጅም ርቀት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ርቀቱ እያጠረ፣ ማረፊያው እየቀረበ መሄድ አለበት። አራት ሜትር ሰፍቶ 15 በመቶ የሚያዘቀዝቅ ኮንክሪት ለተሽከርካሪ ወንበር አደጋ ነው፤ የሚመቸው ለሞተር ሳይክል ነው። በመግቢያው አጠገብ ያለው ሜዳማ ክፍል ለዚህ የተመቸ ስለሆነ፣ አንድ ዙር መንገድ እዚያ በዚህ መመዘኛ ቢሠራና ወደ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቢያስገባ፣ ከማንም በፊት የምደግፈው እኔ ነኝ። ዙሩን የሚቀይሱት ሰዎች መካከልም በወንበር የሚሄዱ ሰዎች ይኑሩበት።

ሁለተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። ብቻቸውን የሚሄዱ ሴቶች ስጋት እንዳላቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። መብራት ግን በጨለማ ወደ ጫካ ይጋብዛል እንጂ ከመንገዱ አምስት እርምጃ ርቆ ያለውን አያሳይም፤ በዚያ ላይ በሌሊት የሚበሩ ነፍሳትን ከየቦታው እየሰበሰበ ያጠፋል። የሚሻለው ፓርኩን በምሽት መዝጋት፣ በቀን የሚዘዋወሩ ጥበቃዎችን በእግር ማሰማራት፣ በመታጠፊያዎች ላይ የሚጋርዱ ቁጥቋጦዎችን መከርከምና በየመንታው ቁጥር ያለው ምሰሶ መትከል ነው። እግሩ የተሰበረ ወይም የፈራ ሰው ስልክ ደውሎ «ቁጥር 14 አጠገብ ነኝ» ማለት ከቻለ ረዳቱ ይደርስለታል፤ በጫካ ውስጥ «ትልቅ ዛፍ ያለበት» ብሎ አድራሻ የለምና።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ የሚከተለውን እንዲፈጽም እጠይቃለሁ። የማስፋፊያው ሥራ ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት ይታገድ፤ በምትኩም የጫካ መንገድ የመቀየስ ልምድ ያለው ባለሙያ ውኃውን መነሻ አድርጎ እያንዳንዱን የተጎዳ ክፍል ይመርምርና የትኛው ባለበት እንደሚጠገን፣ የትኛውም ተዳፋቱን በአግድም እንዲያቋርጥ እንደሚዛወር ያመልክት። ድምፅ ማጉያዎቹ ከዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ይሰረዙ። ከመግቢያው ርቆ ያለው የደኑ ክፍል የጸጥታ ክልል ተብሎ በሰሌዳ ይታወቅ፤ የሣር ማጨጃና የመጋዝ ሞተሮችም ሰው በሚበዛባቸው የጠዋት ሰዓቶች እዚያ አይሥሩ። የተከለሰው ዕቅድ ከካርታውና ከወጪው ጋር በመግቢያው በር ላይ ተለጥፎ ተጠቃሚው አስተያየት የሚሰጥበት በቂ ጊዜ ይኑረው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና መሐንዲሶች ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት ከባድ ዝናብ ባቆመ ማግስት ከእኛ ከተጠቃሚዎቹ ጋር መንገዱን ከላይ እስከ ታች በእግር እንዲወርዱ እጋብዛለሁ። ውኃው የት እንደሚገባና የት እንደሚወጣ በዚያ ቀን ያለ ካርታ ይታያል። ቀኑን ጽሕፈት ቤቱ ይቁረጥ፤ መምጣት የእኛ ድርሻ ነው።

ምላሻችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ከፓርኩ የዘወትር ተጓዦች አንዱ