የቀድሞው ተወካይ አሁን ለማን እንደሚሠሩ ይነገረን፦ ለኮንግረስ ተወካያችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በዩናይትድ ስቴትስ የተወካዮች ምክር ቤት ለሰሜን ቨርጂኒያ ተወካያችን

ጉዳዩ፦ በፓርቲ የምሳ ግብዣ ላይ ንግግር የሚያደርጉ የቀድሞ ፖለቲከኞችን ማን እንደሚከፍላቸው እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

በቅርቡ በካውንቲያችን የአንድ ፓርቲ ኮሚቴ በሆቴል አዳራሽ የምሳ ግብዣ አዘጋጅቶ ነበር። የክብር እንግዳው አንድ የቀድሞ የኮንግረስ አባል ናቸው። የፓርቲውንም የሰውየውንም ስም የማልጠራው ነገሩ የሁለቱም ወገን አመል ስለሆነ ነው። ትኬቱ 60 ዶላር ነው። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር እኛ ሐበሾቹ በተቀመጥንበት ጠረጴዛ ግማሹ ሰው ዶሮውን ገፋ አድርጎ በፎሶሊያና በዳቦ ነው ያለፈው፤ አዘጋጆቹ ለወደፊቱ ቢያስቡበት አይከፋም።

እንግዳው በአማርኛ «ሰላም ናችሁ?» ብለው ሲጀምሩ አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ዓድዋን አነሱ፣ ቡናችንን አሞገሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ አፍሪካ ቀንድ ገቡና ዋሽንግተን የትኛውን መንግሥት ማቅረብ፣ የትኛውን መራቅ እንደሚገባት ረዘም አድርገው አስረዱን። የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ሳትተኛ የመጣች አንዲት ነርስ ማይክሮፎኑ ሲደርሳት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አሁን የሚሠሩት የት ነው?» «ወዳጆቼን አማክራለሁ» አሉና ሳቁ። አዳራሹም አብሯቸው ሳቀ። ማይክሮፎኑ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ።

ጥያቄዋ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከእኛ መካከል ዕድሜው የፈቀደለት ሰው ኤች አር 2003 የተባለውን ረቂቅ ሕግ አይረሳም (2003 የረቂቁ ቁጥር ነው፤ ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የኒው ጀርሲው ተወካይ ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት፣ በኢትዮጵያ ስለ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የሚደነግገው ያ ረቂቅ በጥቅምት 2007 በእናንተ ምክር ቤት አለፈ። ለዚያ ቀን ያልደወለ፣ ፊርማ ያላሰባሰበ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ካፒቶል ያልወጣ ሰው በማኅበራችን ውስጥ ጥቂት ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን ትልቅ የሕግ ድርጅት ቀጥሮ ረቂቁ እንዳያልፍ ይታገል ነበር። በድርጅቱ ውስጥ ሆነው ከተሟገቱት አንዱ ዲክ አርሚ ናቸው፤ የምክር ቤቱ የሪፐብሊካን አብላጫ መሪ የነበሩት። ረቂቁ ሴኔት ደርሶ እዚያው ቀረ። በእሳቸው ምክንያት ብቻ ቀረ አልልም፤ ሥራቸውም ሕጋዊ ነበር። ነገር ግን የእኛ ሰው በምሳ ሰዓቱ መስመር ይዞ የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ እስኪያነሳለት ሲጠብቅ፣ እሳቸው የሚደውሉት የቀድሞ ባልደረባቸው ዘንድ ነው።

በዚያው በ2007 ኮንግረስ ሕጉን አጠበቅሁ ብሎ፣ ሴናተሮች ከወጡ በኋላ ሁለት ዓመት ኮንግረስን ሎቢ እንዳያደርጉ፣ ማለትም ተከፍሏቸው ለደንበኛ እንዳይወተውቱ ከለከለ። የእናንተ ምክር ቤት አባላት ግን በአንድ ዓመት ቀሩ። አርሚ ከምክር ቤት የወጡት በ2003 መጀመሪያ ስለነበር ሁለትም ሦስትም ዓመት ቢሆን ኖሮ አይነካቸውም። ስለዚህ እኔ የዓመት ጭማሪ አይደለም የምጠይቅዎት። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የ1995ቱ የሎቢ ሕግ አንድ ሰው ለአንድ ደንበኛ ከሚሠራው ጊዜ ከ20 በመቶ በታቹን ብቻ በሎቢ ካዋለ ሎቢስት ብሎ አይቆጥረውም። ቀሪውን ጊዜ «ስትራቴጂክ አማካሪ» ይባላል፤ ወዳጆቹን ያማክራል ማለት ነው። ለውጭ መንግሥት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከ1938 ጀምሮ ያለ የምዝገባ ሕግ አለ፤ እንዲህ ያለ ወኪል በኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ የምዝገባ ሰነዱን አብሮ ማቅረብ አለበት። ከሁሉም የሚገርመኝ የገዛ ደንባችሁ ነው። የቀድሞ አባላት ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ የመግባት መብት አላቸው፤ የተመዘገበ ሎቢስት ወይም የውጭ መንግሥት ወኪል የሆነ ግን አይገባም። ለራሳችሁ በር ዘበኛ አቁማችኋል። እኛ ግን 60 ዶላራችንን ከፍለን ያንኑ ሰው ስንሰማ፣ ማን እንደላከው የሚነግረን የለም።

ክቡርነትዎ ወደ እኛ ጠረጴዛ ለምን እንደሚመጡም እናውቃለን። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ጊዜ ብዙ ወገኖቻችን በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ፖሊሲ ተቆጥተው ለሪፐብሊካኑ ዕጩ ለግሌን ያንግኪን ድምፅ እንስጥ ብለው በአሌክሳንድሪያም በፌርፋክስም ቤት ለቤት ተንቀሳቅሰዋል። ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ እንዲሸጡ ከሚፈቅደው የንግድ ዕድል) ሊያስወጡ መሆኑን ለኮንግረስ ያስታወቁትም በዚያው በምርጫው ዕለት፣ ኅዳር 2 ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግብዣው በዝቷል። እኛ በሁለትና በሦስት ተከፍለን በምንከራከርበት ጉዳይ ላይ የአንዱን ወገን ክርክር በእንግዳ ወግ አስውቦ የሚያቀርብ ሰው ሲመጣ፣ ተከፋይ ይሁን የልቡን የሚናገር መለየት አለብን። ተከፋይም ቢሆን እንሰማዋለን፤ ብቻ እንወቅ።

የምጠይቅዎት ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችለውን ነው። እርስዎ ወይም ሠራተኞችዎ በሚገኙበት ማንኛውም የፓርቲ ምሳ ላይ የቀድሞ ባለሥልጣን ሲጋበዝ፣ መድረክ መሪው «የቀድሞ የኮንግረስ አባል» ብሎ ሳይቆም አሁን የሚሠሩበትን ድርጅትና በአፍሪካ ጉዳይ ደንበኛ ካላቸው ደንበኛውን እንዲያስተዋውቅ ቅድመ ሁኔታ ያድርጉልን። እንግዳው ይህን አልፈልግም ካሉ ጽሕፈት ቤትዎ በግብዣው አይገኝ። ለዚህ ሕግ ማውጣት አያስፈልግም፣ የሌላ አባል ድምፅም አያስፈልግም። የ20 በመቶው ነገር ሕግ ይጠይቃል፤ እርስዎ እንዲስተካከል የሚደግፉ መሆንዎን ወይም አለመሆንዎን በጽሑፍ ቢገልጹልን ደብዳቤዎን ተርጉመን በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየካፌው እናደርሳለን።

መልስዎን ከሚቀጥለው የምሳ ግብዣ በፊት እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰሜን ቨርጂኒያ መራጭ