ፋይሉ መጥፋቱ ብቻ አይበቃም

ለአዘጋጁ፦

የኮምፒዩተር ዳታን ሆን ብሎ የማጥፋት ክስ እንዴት መረጋገጥ እንዳለበት ሐሳብ አለኝ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 6 የሚቀጣው ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃዱ አልፎ፣ አስቦ ዳታ የለወጠን፣ የሰረዘን ወይም ከጥቅም ውጪ ያደረገን ሰው ነው። ፋይሉ መጥፋቱን ማሳየት ቀላል ነው። ማን አጠፋው? አስቦ ነው ወይስ በስህተት? ከባዱ ይሄ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የይለፍ ቃል አራት አምስት ሰው ይጠቀምበታል። ታዲያ ሎጉ ላይ፣ ማለትም በማን ስም ምን እንደተሠራ ኮምፒዩተሩ በሚይዘው መዝገብ ላይ፣ ያለው ስም ብቻውን ምን ያስረዳል?

ይበልጥ የሚያሳስበኝ አንቀጽ 37 ነው። ዐቃቤ ሕግ መሠረታዊ ፍሬ ነገሮችን ካስረዳ በኋላ፣ ፍርድ ቤቱ ካመነበት የማስረዳት ሸክሙን ወደ ተከሳሹ ሊያዞር ይችላል። ሎጉም ባክአፑም (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ግን ብዙ ጊዜ ያለው በከሳሹ መሥሪያ ቤት እጅ ነው። ከሥራ የተባረረ የአይቲ ባለሙያ በምን ይከላከል? ይህ ፍትሐዊ አይደለም።

ስለዚህ አንቀጽ 37 ተሻሽሎ፣ ተከሳሹ አስቦ ማድረጉን ማስረዳት ሁልጊዜ የዐቃቤ ሕግ ኃላፊነት ይሁን። መርማሪም ዲስኩን ሲይዝ ወዲያው ሙሉ ቅጂ ይውሰድ፤ የቅጂውን ሃሽ ቁጥር፣ ማለትም ቅጂው በኋላ ቢነካካ የሚያጋልጠውን ከይዘቱ የሚሰላ መለያ፣ በቃለ ጉባኤ መዝግቦ አንድ ቅጂ ለተከሳሹ ይስጥ።