ሲጋራውን ከተውክ በኋላ ስለመጣብህ ድብርት

ደባርቅ፣ መጋቢት

ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ናፍቆትህ አላስቀምጥ ብሏታል። ብርዱ እዚህ እንደምታውቀው ነው።

እህትህ ከጎንደር ስትመለስ ያየችውን ሁሉ ነገረችኝ። ሲጋራ መተውህን ስሰማ የተደሰትኩትን ያህል፣ ቀጥሎ የሰማሁት አሳሰበኝ። የተማሪዎችህ የፈተና ወረቀት ሳይታረም ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል፤ ከትምህርት ቤት ስትገባ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ አልጋ ላይ ትወድቃለህ፤ ሌሊቱን ደግሞ ስትገላበጥ ታነጋዋለህ። «ሳጨስ ይሻለኝ ነበር፤ ያኔ ቢያንስ ሰው ነበርኩ» ብለሃታል። በስልክ ባነሣብህ ወሬ እንደምትቀይርብኝ ስለማውቅ ደብዳቤ መረጥኩ። ጊዜ ሲኖርህ ረጋ ብለህ አንብበው።

ያልከውን እንደ ሰበብ አላየሁትም። እውነትም ሳታጨስ ቀርተህ ከፍቶሃል። ግን ከየት እንደመጣ ልንገርህ፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጤና ሥራ ነውና። ጭሱን በሳብክ በሰከንዶች ውስጥ ሱስ የሚያሲዘው ኒኮቲን አንጎልህ ይደርሳል፤ እዚያም መነቃቃትና ደስታ የሚሰጠውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። ግን አይቆይም። በሁለት ሰዓት ገደማ ግማሹ ከደምህ ይወጣል፤ ስሜትህም አብሮት ይወርዳል። ሌላ ስትለኩስ ቀለል ይልሃል፤ ያ የቀለለህ ነገር ግን የቀደመው ሲጋራ ያመጣብህ ጉድለት ነው። አራጣ አበዳሪ ከራስህ የወሰደውን ገንዘብ መልሶ ሲያበድርህ ለጋስ ይመስልሃል፤ ሲጋራም ያደረገብህ ይህንኑ ነው።

በዚያ ላይ ለዓመታት ያጨሰ ሰው አንጎል ኒኮቲንን የሚቀበሉ ቦታዎችን ያበዛል። አሁን እነዚያ ሁሉ ባዶ ናቸው። ቁጥራቸው ወደ ቀድሞው እስኪመለስ ሳምንታት ያስፈልጋል፤ ደስ ይሉህ የነበሩ ነገሮች፣ ኳሱም፣ ጓደኛውም፣ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ከባድ ሒሳብ ሠርቶ ሲያሳይህም፣ ጣዕማቸው የጠፋብህ ለዚህ ነው። ድብርቱ፣ ቁጣው፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለቱ፣ የእንቅልፉ መረበሽ ባቆምክ በመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይብሳል፤ አብዛኛው ሰው ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። አንተ ገና ወር አልሞላህም። ሲጋራ ትተው የቆዩ ሰዎችን ማጨስ ከቀጠሉት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶችም ያሳዩት ጭንቀቱና ድብርቱ የሚቀንሰው በተዉት ላይ መሆኑን ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ስለ ራስህ የምትሰጠውን ፍርድ አትመነው። መምህርነቱን ልትተው ማሰብህንም ሰምቻለሁ። ልትተው ትችላለህ፤ የራስህ ሕይወት ነው። ግን ውሳኔውን ከፋሲካ በኋላ አድርገው፤ ያኔ ቁጭ ብለን እናወራበታለን።

አሁን ማንም ያልነገረህ የሚመስለኝን ነገር ላንሣ፤ የቡናህን ነገር። እህትህ እንዳየችው ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትይዛለህ። ከዚያ ሰፈርህ ያለችው ጀበና ቡና ትሄድና አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ትጠጣለህ፤ አንዳንዴ ማታ ላይ ትደግማለህ። ድካሙን ልታባርርበት ነው፤ ይገባኛል። ግን በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ነገሮች ጉበት ካፌይንን፣ ቡናው ውስጥ ያለውን አነቃቂ ነገር፣ በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጉታል፤ አጫሽ ሰው ከማያጨሰው በእጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ነው የሚያስወግደው። ይህን የሚያደርገው ጭሱ ነው፤ ኒኮቲኑ አይደለም። ጭሱ ሲቀር ጉበትህ በቀናት ውስጥ ወደ ተፈጥሯዊ ፍጥነቱ ይመለሳል። እንግዲህ ያው የለመድከው ሲኒ ዛሬ ደምህ ውስጥ ከድሮው ይልቅ ይበዛል፤ ይቆያልም። ልብህ ድው ድው የሚለው፣ እጅህ የሚንቀጠቀጠው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ዓይንህ የሚፈጠው ብዙው ከዚህ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይደክመዋል፤ ይከፋዋል፤ ሲደክመው ሌላ ቡና ይጠጣል።

ቡናውን ጨርሰህ ተው አላልኩህም። በአንዴ ብትተወው ራስ ምታቱና ድካሙ ሌላ ጣጣ ነው። ግማሽ አድርገው፤ አቦሏን ጠጥተህ ተነሣ። አመሻሽ ላይ የምትጠጣውን ግን ተወው። ሌላም አለ። ስታጨስ የለመድከው ውጭ ያለውን አግዳሚ ነው፤ አሁንም የሚያጨሱት እዚያ ናቸው። ውስጥ ግባና ተቀመጥ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ተጠቀምበት።

ጾሙንም ላንሣ። ቀኑን ሙሉ ቆመህ ታስተምራለህ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ በዚያ ላይ ኒኮቲን ሲያፍነው የኖረው ረኃብ አሁን ተለቋል። ረኃብና ሐራራ ደግሞ ስሜታቸው ይመሳሰላል፤ ሰው ሆዱ ባዶ ሆኖ ሲጋራ ያማረው ይመስለዋል። ነፍስ አባትህ ዘንድ ሂድና እንዳለ ንገራቸው። ሲጋራ መተው እንደ ሕመም ያለ ጊዜ እንዳለው፣ እንቅልፍ እንዳጣህ፣ ሥራህ እንደተበደለ አስረዳቸው። ለታመመ ሰው ነፍስ አባቱ ሰዓቱን ሊያቀሉለት ይችላሉ፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት ያለው ለዚህ ነው። ፈቅደው ቀደም ብለህ ብትበላ፣ ጠዋት በሶ በጥብጠህ፣ ቀን ሽሮም ምስርም በልተህ፣ ቡናህም ወደ ቀኑ መጀመሪያ ይመጣና ማታህ ይተርፍልሃል። ይህን ሁሉ ተሸክመህ በዝምታ መጾም ጽድቅ የሚመስልህ ከሆነ እሳቸውን ጠይቅ፤ እኔን አትመን።

አጎትህ ከጎንደር መተማ የጭነት መኪና ሲነዳ የነበረ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ያኔ አንተ ሕፃን ነበርክ። ያን የመሰለ ኮስታራ ሰው ሲጋራ ባቆመ ሰሞን አንድ ቀን መኪናውን ዳር አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ረዳቱ ሰው ሞቶበት መስሎት «ማን ነው? ማን ነው?» ሲለው ማንም አልነበረም። ለምን እንዳለቀሰ ራሱም አያውቅም። እኔ ዘንድ መጥቶ «አበድኩ መሰለኝ» አለኝ። አላበደም። ከዚያ ሰንብቶ ቤታችን ምሳ እየበላ እናትህን «ሽሮው ላይ ዛሬ ምን ጨመርሽበት?» አላት። ምንም አልተጨመረበትም፤ ጭስ የጋረደው ምላሱና አፍንጫው ነበር የተከፈተው። ድብርቱ የሄደበትን ቀን ግን ሊነግርህ አይችልም፤ ሳያስተውለው ነው ያለፈው። አንተም በየጠዋቱ «ዛሬ ለቀቀኝ ወይ?» እያልክ ራስህን አትመርምር።

በእግርህ ሂድ። ብዙ አይደለም፤ ከፒያሳ ወርደህ የፋሲለደስን መዋኛ አጥር ዙረህ መመለስ ይበቃል። ዋርካዎቹ ሥራቸውን ግንቡ ላይ ጥለው የቆሙበትን ቦታ ከልጅነትህ ጀምሮ ትወደዋለህ። በጠዋት ፀሐይ መሄድ ስሜትንም እንቅልፍንም ይረዳል፤ ሐራራንም ያስታግሳል። ሐራራው ራሱ ሲመጣ ቢያንገበግብም ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ ውኃ ጠጣ፣ ለሰው ደውል፣ ያልፋል። ዳገቱ ላይ ትንፋሽህ ከድሮው እንደሚሻል ራስህ ታየዋለህ፤ በደምህ የኦክሲጅንን ቦታ ይዞ የነበረው የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ካቆምክ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወጥቷል።

ጓደኞችህ ለበርጫ ሲጠሩህ በእነዚህ ሳምንታት አትሂድ። ስድብ አይደለም፤ ማግስቱን የሚያመጣውን ድብርት ታውቀዋለህ፤ ካለህበት ላይ መደመር ነው። ጫትና ሲጋራም አንዱ ያለ ሌላው መቀመጥ አይወዱም። አንዲት ሲጋራ ብታጨስ ደግሞ ሁሉ ነገር ጠፋ ብለህ ፓኮ አትግዛ፤ ያንኑ ቀን አቁምና ቀጥል።

አሁን የምጽፈውን በጥሞና አንብበው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለህ ያ ክፉ ድብርት ይዞህ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያሳለፈ ሰው ሲጋራ ሲያቆም ሊመለስበት ስለሚችል እንደ ሌላው «ይለፍ» ብሎ ብቻ መጠበቅ የለበትም። አራት ሳምንት አልፎህ ካልቀለለ፣ ወይም ከዚያ በፊትም ቢሆን ቀን በቀን እየባሰ ምግብም ሰውም ካስጠላህ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂድ። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው ግቢ ነው፤ እኔን ጤና መኮንን ያደረገኝም እሱ ነው፤ እዚያ መግባት የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሲጋራ ማቆምህን፣ ያለፈውንም ሕመምህን፣ የምትወስደው መድኃኒት ካለም ንገራቸው፤ ጭሱ ሲቀር የአንዳንድ መድኃኒት መጠን እንደ ቡናው ደም ውስጥ ከፍ ይላል። የሚረዳ መድኃኒትም አለ። የኒኮቲን ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ገብተዋል፤ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን የተባሉት ኪኒኖች በ2021 ተጨምረዋል። ቡፕሮፒዮን ለድብርትም የሚታዘዝ ነው፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ግን አይሰጥም፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም አትግዛው። ፋርማሲዎች ሁሉም ላይኖራቸው ይችላል፤ የት እንደሚገኝ ሐኪሙን ጠይቅ።

«ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ግን ሳምንት አትቁጠር፤ ቀጠሮም አትጠብቅ። ሌሊት ቢሆንም ባጃጅ ይዘህ፣ ያከራዩህን ሰው ቀስቅሰህ አብሮህ እንዲሄድ አድርገህ፣ ድንገተኛ ክፍል ግባ። ለእኔም በዚያው ሰዓት ደውል። መኪና ባጣም እመጣለሁ። አንተን የመሰለ ልጅ አባት መሆኔ ኩራቴ ነው፤ በሲጋራውም ጊዜ፣ አሁንም፣ ወረቀቱ ሳይታረም ቢቀርም።

ወረቀቱንስ? ሁሉንም በአንድ ማታ ልጨርስ አትበል፤ ከምሳ በኋላ ጥቂት ጥቂት አርም፤ ለርዕሰ መምህሩም እንደምትዘገይ አስቀድመህ ንገራቸው።

እናትህ በሶ፣ የሽምብራ ቆሎና ተልባ ሰኞ በሚነሣው መኪና ትልክልሃለች፤ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። እንቅልፍህ እንዴት እንደሆነና ነፍስ አባትህ ምን እንዳሉህ ትነግረኛለህ።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

አባትህ