የፈረንሳይኛ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ሥራ፦ «ኤኪቴ» ከየት መጣች?

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የክበቡ ጊዜ በአብዛኛው ያለቀው በአንዲት ቃል ላይ ነው፤ «ኤኪቴ»፣ ፍትሐዊነት። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ ተዘጋጀ፤ ከላይ ፈረንሳይኛው፣ ከሥሩ ላቲኑ፣ ከጎን ጣሊያንኛው «ኤኲታ» እና ስፓኒሹ «ኤኪዳድ» ተጻፉ።

ላቲኑን ለመጻፍ ፊደላችን አግዞናል። ሮማውያን በሁለት ሆሄ የሚጽፉትን ድምፅ የእኛ «ኲ» ብቻዋን ትይዘዋለች፦ «አይኲታስ»። ሥሩ «አይኩስ» ነው፤ ደልዳላ፣ ከፍ ዝቅ የሌለው ማለት። ለሜዳም ለዳኛም ይነገር ነበር።

ብዙ ተማሪ የተሰናከለው ቅጥያው ላይ ነው። መዝገበ ቃላቱ የሚሰጠው «አይኲታስ»ን ስለሆነ ከ«ታስ» «ቴ»ን ለማውጣት ይታገላሉ፤ አይወጣም። መነሻው ተሳቢው ቅርጽ «አይኲታቴም» ነው። «ቴም» ይረግፋል፣ የቀረው «ታ» «ቴ» ይሆናል። «ሳኒታቴም» «ሳንቴ» (ጤና) የሆነው በዚህ መንገድ ነው። «ኤኪቴ» ራሷ ግን ከመጽሐፍ የተወሰደች የምሁራን ቃል ናት፤ ቅጥያዋን ከነባሮቹ ተዋሰች። ከአፍ ወደ አፍ ወርዳ ቢሆን ኖሮ መካከሏ እንዲህ ባልተረፈ ነበር፤ «አኳ» (ውኃ) ዛሬ «ኦ» ብቻ ሆና ቀርታለች።

ሌላው ወጥመድ መልክ ነው። «ኤኪታሲዮን» (ፈረስ ግልቢያ) ከአይኩስ ጋር አትዛመድም፤ እናቷ «ኤኩስ»፣ ፈረስ ነው። በላቲን ጽሕፈት ሁለቱን የሚለያቸው ከፊት ያለ አንድ ሆሄ ነው። «ኤኪፕ» (ቡድን) ደግሞ ጭራሽ ላቲን አይደለችም፤ ከሰሜን ባሕረኞች ቋንቋ የመጣች ናት። ስለዚህ መፈተኛችን ትርጉም ሆነ፦ ቃሉ ውስጥ «እኩል» አለ ወይ? «ኤኪኖክስ» ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ናቸው፣ ታልፋለች። «ኤኪሊብር» እኩል ሚዛን ናት፣ ታልፋለች። «ኢኒኪቴ» (ዐመፅ) ግን ብዙዎችን አሳስታለች፤ ከ«ኢን» በኋላ «አይ» ወደ «ኢ» ስለሚለወጥ ሥሩ ይደበቃል።

ከግዕዝ ጋር ስናስተያይ «ርትዕ» የኤኪቴ ትርጉም ቢሆንም በሥሩ የ«ድሯ» (ሕግ፣ መብት) አቻ ሆኖ ተገኘ፤ ረትዐም የድሯ ላቲን ሥር «ዲሬክቱስ»ም ቀጥ ማለትን ይዘዋል። «ፍትሕ» ግን መፍታት ነው፤ በላቲኑ በኩል አቻ አላገኘንለትም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው የሕግ ምሁር በረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተረቀቀ በመሆኑ በመጪው ዓመት ቃላቱን ከአማርኛው ጋር ለማመሳከር ታስቧል። ክበቡ ያለው የአማርኛው ቅጂ ብቻ ነው።