ለፓንክ ሆረር ኮሚክ መድበላችን እጃችሁን ዘርጉልን

ወዳጆች፣ ዘጠኝ አስፈሪ የሥዕል ታሪኮች ተሠርተው አልቀዋል። የቀረን ማሳተሙ ነው። ለዚህ ነው ወደ እናንተ የመጣነው።

መድበሉ የተወለደው ፈጣንና ጩኸታም ከሆነው የሮክ ዓይነት፣ ከፓንክ ሙዚቃ ነው። እያንዳንዱ ታሪክ 8 ገጽ ብቻ ነው። ልክ እንደ ፓንክ ዘፈን ቶሎ ይጀምራል፣ ይጮኻል፣ ሳይታሰብ ያበቃል። ራሞንስ የተባሉት የአሜሪካ ፓንክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው 14 ዘፈኖችን ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጨርሰዋል። ፍርሃትም ሲያጥር ይበረታል።

ኮሚክ ደግሞ በፊልም የማይገኝ ነገር አለው። ጭራቁ ከገጹ ጀርባ ተደብቋል፤ ገጹን የምትገልጡት ግን እናንተው ናችሁ፣ በገዛ እጃችሁ። ሰዓሊዎቻችን በዚህች ቅጽበት ሲጨነቁ ወራት አልፏቸዋል። አንዷ ሰዓሊ የበር እጀታ ብቻ የሚታይባትን ትንሽ የሥዕል ሣጥን እየቀደደች ደጋግማ ሥላታለች። ታሪኩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እዚያ ስደርስ ግን አሁንም እጄ ይዘገያል።

የውስጥ ገጾቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ለቁጠባ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነበሩ የፓንክ አፍቃሪዎች መጽሔታቸውን በመቀስና በሙጫ ሠርተው በፎቶ ኮፒ ያባዙ ነበር። ያ ሻካራ ጥቁረት ለአስፈሪ ታሪክ የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ።

«ለምን ወደ ትልቅ አሳታሚ አትሄዱም?» የሚሉን አሉ። አሜሪካ ውስጥ የኮሚክ አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጡት ደንብ «ሆረር» የሚለው ቃል በመጽሔት ርዕስ ላይ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ቫምፓየሮችም አብረው ታገዱ። የእኛን ታሪኮች ማንም እንዲያለዝብብን አንፈልግም።

ገንዘቡ ለኅትመትና ለሰዓሊዎቹ ክፍያ ይውላል። ኦፍሴት በሚባለው የማተሚያ ማሽን ሲታተም ፕሌት (ገጹ የሚቀረጽበት ሰሌዳ) የማዘጋጀቱና ማሽን የማስተካከሉ ወጪ 100 ቅጂም ይታተም 1,000 ያው ነው። ስለዚህ ገና አንድ ቅጂ ሳይሸጥ ብዙ ገንዘብ ይጠየቃል። ሰዓሊዎቹ እስካሁን አንድም ሳንቲም አልተከፈላቸውም። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ሌሊት ቁጭ ብሎ የሠራ ሰው የድካሙን ማግኘት አለበት።

መጠየቅ አያሳፍረንም። የማንቸስተሩ ባንድ ባዝኮክስ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያ ሸክላውን ያሳተመው ከወዳጅ ከዘመድ በተበደረው 500 ፓውንድ ነበር። መጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስንቱ ባንድ በራሱ ማሳተም እንደሚችል አየ!

የአቅማችሁን ስጡን፤ ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት። ገንዘብ ያልተመቻችሁ፣ ጥሪውን ሆረርም ሆነ ፓንክ ለሚወድ ወዳጃችሁ አድርሱልን። ለኅትመቱ የሚበቃው ካልሞላ የሰጣችሁት በሙሉ ይመለስላችኋል።

የደጋፊዎችን ስም በመጨረሻው ገጽ ላይ ሰዓሊዎቹ በእጃቸው ይጽፉታል። ስትልኩ ስማችሁ እንዴት እንዲጻፍ እንደምትፈልጉ ንገሩን። ቅጽል ስምም ይሆናል።