አምስት ቮሊዩም፣ አምስት ድምጽ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፈው ከጎንደር ነው፣ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ሞባይል ምናምን የምጠግን ሰው ነኝ። ሰሞኑን በኪነጥበብ ገጻችሁ ላይ አንድ ጸሀፊ ሲንተሳይዘር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ድምጽ የሚፈጥር የሙዚቃ መሳሪያ፣ የሀገራችንን ቅኝት ሊጫወት አይችልም፣ ዲጂታል ከሆነማ ጭራሽ ድምጹን ይገድለዋል ብለው የጻፉትን ሱቄ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ግማሹ እውነት ነው፣ አልክድም። ግማሹ ግን ማሽኑን በሌለበት መወንጀል ነው፣ ምክንያቱም እዛ ውስጥ የገባውን እያንዳንዱን ነገር የመረጠው ሰው ነው፣ መራጩ አንቺሆዬ ሰምቶ ካላደገ ማሽኑ ከየት ያምጣው? የአረቡን ገበያ አስበው የሚሰሯቸው ኪቦርዶች ላይ እኮ የእያንዳንዱን ድምጽ ልክ ትንሽ ዝቅ ከፍ ማድረጊያ አለ፣ ያሰበበት ሰው ስለነበረ ነው ያለው።

ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፣ ሁለት አመት ሆነኝ በትርፍ ሰአቴ አንድ ሞጁል ስሰራ። ሞጁላር ሲንተሳይዘር እንደ ኪቦርድ አንድ ወጥ እቃ አይደለም፤ ድምጽ አመንጪው ለብቻ፣ ማጣሪያው ለብቻ፣ ሁሉም በየራሱ ተሰርቶ አንድ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ይታሰርና በአጫጭር ገመድ ይገናኛል። ዛሬ በብዛት የሚሰራበት ዩሮራክ የሚሉት የልክ ስታንዳርድ ነው፣ ዶፕፈር የሚባል የጀርመን ድርጅት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ ያመጣው፣ ቁመቱ 128.5 ሚሊሜትር፣ ፓወሩ ፕላስ 12 እና ማይነስ 12 ቮልት። ኖታውም የሚሄደው በቮልቴጅ ነው፣ 1 ቮልት ስትጨምር ድምጹ አንድ ኦክታቭ ይወጣል፣ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ማለት ነው። ኦክታቩ በፒያኖ 12 ግማሽ ቶን ስላለው ያንን ለ12 ስታካፍለው አንዱ ግማሽ ቶን ወደ 83 ሚሊቮልት ነው፣ ግማሽ ቶኑም ልክ እንደ ብርና ሳንቲም ለ100 ይመነዘራል፣ ሴንት ይሉታል። ስለዚ አንድ ሴንት አንድ ሚሊቮልት እንኳን አትሞላም፣ ይቺን ያዙልኝ።

የኔ ሞጁል ስራው የሚመጣለትን ቮልቴጅ ተቀብሎ ወደ ቅርቡ የቅኝት ድምጽ መሳብ ነው። ተመሳሳዮቹ ብዙዎቹ የፒያኖውን 12 ድምጽ ይዘው ከዚህ ምረጥ ነው የሚሉህ። ትዝታ ከፈለግክ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ አንቺሆዬ ከሆነ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ፣ ፍላት ማለት በግማሽ ቶን ዝቅ ያለው ነው። ወረቀት ላይ ልክ ነው። እኔም የመጀመሪያውን እንደዛው ሰራሁትና ሬዲዮ ሊያሰሩ እየመጡ የተዋወቅኳቸውን የሰፈራችንን መሰንቆ መቺ ሽማግሌ ጠራኋቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አንቺሆዬ ላይ አድርጌ ለቀቅኩላቸው። ጆሯቸውን ዘንበል አርገው ሰሙና «ቃሉን ይላል፣ አነጋገሩ ግን የእንግዳ ነው» አሉኝ። ቀጠሉና «ደሞ ይቺ መብራት ስትበራ ድምጹ ለምን ይወርዳል?» አሉ። የትኛዋ መብራት? ኖታውን የሚያሳዩ አምስት ትንንሽ ኤልኢዲዎች ነበሩት። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዳኩን ነው፣ ማለትም ቁጥሩን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይረውን ቺፕ። ባለ 12 ቢት ነበር፣ እስከ 10 ቮልት የሚወጣውን ለ4096 ደረጃ ይከፍለዋል፣ አንዱ ደረጃ ወደ 2.4 ሚሊቮልት፣ በሴንት 3 ገደማ። 3 ሴንት ምን ታክል ናት ካላችሁ፣ 440 ኸርዝ ላይ ሁለት ድምጽ በሷ ቢለያዩ አብረው ሲጮሁ በ4 ሰከንድ ውስጥ ሶስቴ ያህል ከፍ ዝቅ ሲሉ ትሰማላችሁ፣ መሰንቆ ላይ ጣቱን እንደዛ ቀጥ አርጎ የሚይዝ ደሞ ማን አለ? ይሄን እያወቅኩ እልህ ያዘኝና ባለ 16 ቢት አዘዝኩ፣ 65,536 ደረጃ፣ በሰው እጅ እስኪደርሰኝ ሁለት ወር ጠበቅኩ። መጣ፣ በየድኩት፣ ጋሼ ተጠሩ። «አሁንም ይወርዳል»።

ከዛ ነው እንደሰው ቴስተር ያነሳሁት። ኤልኢዲዎቹ ሲጠፉ የቦርዱ ፓወር 5.02 ቮልት ያነባል፣ ሲበሩ 4.97። ጉዱ ይሄ ነው፣ ከአሮጌ ቴሌቪዥን የፈታሁትን 7805 የሚባል 5 ቮልት አውጪ ሬጉሌተር ተጠቅሜ በቀጭን ሽቦ ያደረስኩትን 5 ቮልት ዳኩ መለኪያው አርጎት ነበር። በክንድ ለክቶ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ክንዱ በየሰአቱ ቢያጥርና ቢረዝም ማለት ነው። ልዩነቱ 1 ፐርሰንት ነች፣ ግን 3 ቮልት ላይ 30 ሚሊቮልት ትሆናለች፣ 36 ሴንት፣ የግማሽ ቶን ሲሶ! ሺ ቢት ብትጨምር አይድንም። መድሀኒቱ ኤልኤም4040 የምትባል ቮልቴጇ የማይነቃነቅ ትንሽ ቺፕ ነበረች፣ ባለ 4.096 ቮልቷን ለዳኩ ብቻ ሰጠሁት፣ ኤልኢዲዎቹን ወደ ሌላ ሬጉሌተር አዞርኳቸው፣ ጋሼም ዝም አሉ። ያ የመጀመሪያው ባለ 12 ቢት ራሱ ይበቃ ነበር፣ 16ቱ አሁን ያለው ገንዘቤን ስላወጣሁበት ነው፣ ለሚስቴ እንዳትነግሩብኝ።

«አነጋገሩ የእንግዳ ነው» ያሉት ግን በዳክም በምንም አይፈታም፣ ችግሩ ያ 12 ድምጽ ሰንጠረዡ ነው። ቅኝታችን አምስት ድምጽ ነው፣ ስለዚ ፊቱ ላይ አምስት ቮሊዩም፣ እንደ ሬዲዮ ድምጽ ማስተካከያ በጣት የሚዞረውን ማለቴ ነው፣ ደረደርኩ፣ ለየድምጹ አንድ አንድ። እያንዳንዱ ድምጹን በ50 ሴንት ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋል፣ ከዛ አያልፍም። ሆን ብዬ ነው ያጠበብኩት፣ የርካሽ ቮሊዩም ንባብ ይንቀጠቀጣል፣ 100 ሴንቱን 4096 ቦታ ከከፈልከው ግን በ20 ደረጃ ቢንቀጠቀጥ እንኳን ግማሽ ሴንት ነው።

አንድ ጓደኛዬ ስክሪን አርግበት፣ ማለቂያ የሌለው የሚዞር ኢንኮደር አርግበት፣ ዘመናዊ ይሆናል አለኝ። እሺ፣ መብራት ሲሄድስ? ኢንኮደር የት እንደነበረ አያውቅም፣ ፕሮግራሙ ሚሞሪ ላይ ካልጻፈለት ተመልሶ ሲበራ ከዜሮ ነው፣ ቶሎ ቶሎ እንዳትጽፍ ደሞ ሚሞሪውም የተወሰነ ጊዜ ነው የሚጻፍበት፣ የአንዳንዱ ትንሽ ፕሮሰሰር ኢኢፒሮም፣ መብራት ሲጠፋም የማይረሳው ሚሞሪ፣ ለ100,000 ጊዜ ነው ዋስትናው። ቮሊዩም ግን መብራት ሄደ መጣ፣ እጅህ የተወው ቦታ ላይ ነው፣ ጋሼም መነጽራቸውን ሳያወጡ በጣታቸው ዳብሰው ያገኙታል። እዚ ከተማ የምንኖር ሰዎች ይሄ ቅንጦት አይደለም።

ሌላውን ሳላስረዝም፣ መግቢያው ላይ 100 ኪሎኦም፣ መውጫው ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር አድርጌያለሁ፣ ሰው ገመድ ሲሳሳት ምንም እንዳይቃጠል። የፓወር ገመዱ ተገልብጦ ቢገባ የሚያግድ ዳዮድም አለው፣ እሱን እንኳን ከኪሳራ ነው የተማርኩት። እኛ ስራ ላይ ቀይ ሁሌ ፖዘቲቭ ነው፣ የዩሮራክ ጠፍጣፋ ገመድ ላይ ያለችው ቀይ መስመር ግን የማይነስ 12 ወገን ነች፣ የመጀመሪያው ቦርዴ በዚች ሄደ፣ ሽታው ለሶስት ቀን ሱቁ ውስጥ ነበር። ፊቱን ከአሉሚኒየም በርና መስኮት ሰሪ ቁርጥራጭ ነው ያወጣሁት፣ ስፋቱ 50.8 ሚሊሜትር።

አሁን ያልጨረስኩት አንድ ነገር አለ። ጋሼ አንቺሆዬን ራሳቸው አቃኝተው ሄዱ፣ የዛኑ ለት አራተኛውን ድምጽ በቴስተር ለክቼ ጻፍኩት። በሳምንቱ መጥተው ያንኑ ቮሊዩም ነኩት፣ ብለካው በ11 ሴንት ወርዷል። የቱ ነው ልክ ስላቸው ሳቁብኝ፣ ያን ቀን የዘፈኑት ፈጠን ያለ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ እንጉርጉሮ ነው አሉ። ስለዚ በሚቀጥለው ቦርድ ላይ ከየቮሊዩሙ ጎን አንድ አንድ ጃክ፣ የገመድ መሰኪያ፣ እጨምራለሁ፣ ቃናው ከውጪም በቮልቴጅ እንዲገፋ፣ ቦታ ከበቃኝ።

ጸሀፊው ወደ ጎንደር ብቅ ካሉ ክራራቸውን ይዘው ይምጡ፣ ቅዳሜ ከሰአት ጋሼም አይጠፉም፣ መብራት ካለ እናሰማቸዋለን።

ከሬዲዮ ጠጋኙ፣ ጎንደር